ሀሁን በቃላቸው ይዘልቁታል፣ «በር በምን ድምፅ ይጀምራል» ሲባሉ ግን ዝም... የመነሻ ድምፅ እንዴት ነው ምታስተምሩት?

ሚስ_ኬጂ
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ለምታስተምሩ። የኬጂ መምህርት ነኝ፣ የያዝኳቸው አምስት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች ናቸው። ሀሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ አንድ ሳይስቱ ይወርዱታል፣ ወላጆች ሲሰሙ በጣም ነው ሚደሰቱት። ግን ገበታው መሀል ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺ ማናት?» ስላቸው ከሀ ጀምረው ቆጥረው ነው ሚደርሱባት። ከዛ የባሰው ደሞ «በር በምን ድምፅ ይጀምራል?» ስል አንዱ «በር!» ብሎ ይደግምልኛል፣ አንዷ ደሞ አስባ አስባ «በእጀታ» አለችኝ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጆሯቸውም ደህና ነው፣ የቃሉን መጀመሪያ ነጥሎ መስማት ላይ ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ከምን ልጀምር? ፊደሉን እያሳየሁ ነው ወይስ ፊደል ሳይኖር? ደሞስ የትኞቹን ድምፆች ላስቀድም? የሰራችሁበትን ንገሩኝ፣ ከመፅሀፍ ሚገለበጥ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ሚሰራ ነገር።

የመንቶች_እናት
ኧረ እኔም ቤት ያው ነው! ሁለቱም ፍላሽ ካርዱን ሲያዩ «መ መኪና፣ ሰ ሰዓት» ይላሉ፣ ካርዱን ገልብጬ ማንኪያ በምን ይጀምራል ስል ግን ፀጥ። ስዕሉን ነው እንጂ ድምፁን አልያዙትም ማለት ነው መሰለኝ። ተከታተልኩ እዚህ።

ቀለም_ቀንድ
ሚስ፣ «በእጀታ» ያለችሽ ልጅ በጣም ትክክለኛ ነገር ነው ያሳየችሽ። እሷ ጋ «በር» ማለት ያ የሚከፈተው ነገር ራሱ ነው፣ ድምፅ ያለው ቃል አይደለም ገና። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቃሉን ሳይሆን በቃሉ ውስጥ አልፈው ነገሩን ነው ሚያዩት። ብታምኚም ባታምኚም «ባቡር እና ቢራቢሮ የትኛው ቃል ይረዝማል?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አብዛኞቹ ባቡር ይሉሻል፣ ምክንያቱም ባቡሩ ረጅም ነዋ! ከዛ አብራችሁ አጨብጭቡ፣ ባ-ቡር፣ ቢ-ራ-ቢ-ሮ። ሁለት ጭብጨባና አራት ጭብጨባ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ይታወቅሻል። ጆሮ ከነገሩ ወደ ቃሉ ሚሻገረው እዛ ጋ ነው፣ እሱ ሳይመጣ ስለ መነሻ ድምፅ መጠየቅ ትርፉ ልጁን ማስጨነቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊደል የለም፣ ካርድ የለም፣ አፍና ጆሮ ብቻ። ስማቸውን ተጠቀሚ፣ ማንም ልጅ ከስሙ በላይ ሚወደው ቃል የለውም። «ስሙ በ ሽሽሽ ሚጀምር ይነሳ» በያቸው። ልብ በይ፣ ፊደሉን «ሸ» ብለሽ አትጥሪላቸው፣ ድምፁን ራሱን አሰሚ።

የትኞቹን ላስቀድም ላልሽው ደሞ በትንፋሽ ሚጎተቱትን። ም፣ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ን፣ ል፣ ዝ። «ምምምምምንጣፍ»፣ «ስስስስስልክ»፣ «ፍፍፍፍፎጣ» ስትይ ልጁ ድምፁን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ ግን ፈነዳ ብለው ነው ሚያልቁት፣ ልጎትት ብትይ ምትጎትቺው ድምፁን ሳይሆን ከኋላው ያለውን አናባቢ ነው፣ «በኧኧኧኧ» ይሆንብሻል። አንቺ በ«በር» ጀመርሽ፣ እሱ ከከባዶቹ አንዱ ነው። «ምንጣፍ» ብለሽ ሞክሪ እስኪ።

አባወራው
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና መምህር አይደለሁም፣ የኬጂ ልጅ ያለችኝ አባት ነኝ። ሀሳባችሁን አከብራለሁ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ መነሻ ድምፅ ሚባለው ነገር የእንግሊዝኛ ጣጣ አይደለም ወይ? እነሱ ፊደላቸው ስሙ ሌላ ድምፁ ሌላ ስለሆነ ነው ሚቸገሩት። የኛ ፊደል እኮ ስሙም ድምፁም አንድ ነው፣ በ ካልክ በ ነው አለቀ። በግ በ«በ» ይጀምራል፣ ቤት በ«ቤ» ይጀምራል። ልጅቷ ፊደሏን ካወቀች ማንበብ ትችላለች። እኛስ በሀሁ ዜማ አይደል እንዴ ያነበብነው፣ ማን ተነባቢ አናባቢ ብሎ ነጣጠለልን? ተነጥሎ ሲሰጥ ልጁን ሚያደናግር መስሎ ስለተሰማኝ ነው።

ሚስ_ኬጂ
አባወራው ያነሳው ነገር ክፍል ውስጥ በትክክል የገጠመኝ ነው! የበግና የቤት ስዕል ጎን ለጎን አድርጌ «እነዚህ በአንድ ድምፅ ነው ሚጀምሩት» ስል አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሚስ ያኛው በ ነው ይሄኛው ቤ ነው፣ አንድ አይደሉም» አለኝ። ለልጁ ምን ልበለው? ፊደሉን ካየን እሱ ልክ ነው፣ አንድ አይደሉም። ድምፁን ካየን ደሞ ሁለቱም ላይ ብ አለች። ቀለም_ቀንድ ባቡርና ቢራቢሮዋን ዛሬ ሞከርኳት፣ በትክክል እንዳልሽው ባቡር ነው ያሉት :) ሲያጨበጭቡ ግን ሁሉም ገባቸው።

ፊደል_ገበታ
ሁላችሁም ሰላም ቆዩኝ። ልጁን «ልክ ነህ» ይበሉት እህቴ፣ ልክ ነውና። የኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አዝሎ ነው ሚሄደው። ቤና በ ሁለት ፊደል ናቸው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱንም እውነት ልጁ አምስት ዓመቱም ቢሆን ሊይዘው ይችላል፣ «በና ቤ ሁለት ናቸው፣ ሲጀምሩ ግን ከንፈራችን አንድ አይነት ነው ሚሰራው» ብሎ ማስረዳት ነው።

አቶ አባወራው ላነሱት ደግሞ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በዜማ መማር መጥፎ አይደለም፣ እኔም በሱ ነው ያደግኩት፣ ለማስታወስ ትልቅ ጉልበት አለው። ነገር ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጁ ብ ሚለውን ድምፅ ነጥሎ ካልሰማ 231 የተለያየ ምስል ነው በቃሉ ሚሸከመው። ከሰማ ግን 33 መነሻና ሰባት ጠባይ ነው። ካዕቡ በቀኝ ጎኑ ቅጥያ ያወጣል፣ ሳልሱ እግሩ ስር፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፣ ሳድሱ ነው እንግዲህ ከሁሉም በላይ አመለኛው። ቡን ያወቀ ልጅ ሱን፣ ሙን አይቶ መገመት ሚችለው መነሻውን ከመድረሻው መለየት ሲችል ብቻ ነው።

ደግሞ ነጣጥሎ ማስተማር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የድሮዎቹ መምህራን ሀሁ ካለቀ በኋላ ተማሪውን አቡጊዳ ያስቆጥሩት የነበረው ለዚሁ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፣ ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ላይ እየተቀያየረ ይሄዳል። በዜማ ተሸክሞ የመጣው ተማሪ እዛ ጋ ይጋለጣል፣ ፊደሉን በውነት ያወቀው ያልፋል። ሚስ ጣታቸውን መሀል ላይ ሲያደርጉ ልጆቹ ከሀ መቁጠራቸው አዲስ ችግር አይደለም ማለት ነው፣ መድሀኒቱም የቆየ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ ምላችሁ፣ በሀ እና በአ አትጀምሩ። ሀ ግዕዙም ራብዑም አንድ አይነት ነው ሚነበበው፣ አ እንደዚሁ። ሰባቱ ድምፅ በትክክል አይታይባቸውም። በዛ ላይ ህ ሚለው ድምፅ ሀም ሐም ኀም አለው። ገና ድምፅ ለሚለይ ልጅ ይሄ ሁሉ ጭነት ነው። አ ደግሞ ይብሳል፣ አንበሳ፣ እባብ፣ ኤሊ ሲባል ልጁ ጆሮ ላይ ሚገባው አናባቢው ብቻ ነው፣ «በአንድ ድምፅ ነው ሚጀምሩት» ብትሉት ከየት አምጥቶ ያምናችኋል? ያን ቤተሰብ ወደ መጨረሻ አቆዩት።

ቀለም_ቀንድ
አንቱ ያሉት ስለ ሀ እና አ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ገበታው በሀ ስለሚጀምር ሁሉም ሰው ከዛ ይነሳል።

ሚስ፣ በ«በ» ቤተሰብ ላይ እኔ ምሰራውን ልንገርሽ። ለሰባቱም ስዕል ሚገኝለት ስለሆነ ደስ ይላል፣ በር፣ ቡችላ፣ ቢራቢሮ፣ ባቡር፣ ቤት፣ ብዕር፣ ቦርሳ። ስዕሎቹን ምንጣፍ ላይ እበትናለሁ፣ ፊደል የተፃፈበት ነገር የለም። ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ትንሽ መስታወት እሰጣለሁ። አንዱ ልጅ ስዕል ያነሳና ቃሉን ከመናገሩ በፊት አፉን አዘጋጅቶ ይቆማል፣ በቃ ዝም ብሎ ለመናገር እንደተዘጋጀ። ሌላኛው አፉን ያያል፣ እሱ ራሱ ደሞ በመስታወት። ቦርሳም ይሁን ቤት፣ ገና ሳይናገር ከንፈሩ ገጥሟል። «ከንፈራችሁ ምን ሆነ?» «ተዘጋ!» ቡችላስ? «ተዘጋ!» ከዛ ሰባቱ መሀል ሶፋን ሳላስታውቅ አስገባለሁ፣ ያነሳው ልጅ አፉን ሲያዘጋጅ ጥርሱ ይታያል፣ ጓደኛው «ይሄ አይደለም! ይሄ ክፍት ነው!» ብሎ ሲጮህ ያኔ ነው ምትስቂው በደስታ። ያ ልጅ ስለ ተነባቢ አንድም ቃል አላወራም ግን ተነባቢን አገኘ።

ከዛ በኋላ ነው «ይሄ ከንፈር ሚዘጋበት ድምፅ ብ ይባላል» ምለው፣ ሳድሱን። የኛ ፊደል ለዚህ ምቹ ነው፣ ድምፁን ለብቻው ለመፃፍም ለመጥራትም ሳድስ አለልን። ግን አጠራሩን ቁርጥ ማድረግ ያስፈልጋል፣ «ብእእእ» ብለሽ ከጎተትሽው ልጁ «ብእ-ር» ብሎ ለመግጠም ሲሞክር በር አይመጣለትም። ብ። አለቀ። መምህሯ ራሷ ቤቷ ተለማምዳ ብትመጣ ጥሩ ነው።

ለ«ም»ም ሰባቱም ይገኛል፣ መኪና፣ ሙዚቃ፣ ሚዛን፣ ማንኪያ፣ ሜዳ፣ ምንጣፍ፣ ሞተር። «ስ»ም እንደዛው ነው፣ ሰዓት፣ ሱሪ፣ ሲኒ፣ ሳጥን፣ ሴት፣ ስልክ፣ ሶፋ። ለሁሉም ቤተሰብ ግን ሰባቱን ካላሟላሁ ብለሽ አትድከሚ፣ አንዳንዱ ላይ ልጅ ሚያውቀው ቃል የለም፣ አራት ካገኘሽ ይበቃል። ልጁ የማያውቀው ቃል ከሆነ ድምፁንም ቃሉንም አንዴ መማር ይሆንበታል።

አንደበት
በንግግር ህክምና ነው ምሰራው፣ ቀለም_ቀንድ ስለ አፍ ያልሽው ላይ ልጨምርበት፣ ምክንያቱም በጣም ብዙ ልጅ በጆሮው ያልያዘውን በአፉ ይይዘዋል።

ም እና ን ላይ አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው «ምምምም» እንዲሉ አድርጊ፣ ድምፁ ድንገት ይቆማል፣ በአፍንጫ ነው ሚወጣው። ይሄን አንዴ ያዩ ልጆች ሙሉ ቀን ሲሞክሩት ነው ሚውሉት። ስ እና ዝ ደሞ ምላስ አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ልዩነቱ ጉሮሮ ላይ ነው፣ እጃቸውን ጉሯሯቸው ላይ ያድርጉና ስስስስ ዝዝዝዝ ይበሉ፣ ዝ ላይ ይነዝራል። ጆሯቸውን በሁለት እጅ ደፍነው ካደረጉት ደሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሲያስተጋባ ይሰሙታል። ፍ እና ቭም እንዲሁ። ት እና ድ፣ ክ እና ግ ልዩነታቸው ይሄው ቢሆንም ቶሎ ስለሚያልቁ ለልጅ መንዘሩ ብዙም አይታወቀውም፣ ከነሱ አትጀምሩ።

አማርኛ ላይ ግን ዋናው ትኩረት ሚፈልገው ጠንካሮቹ ድምፆች ናቸው፣ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ፣ ፅ። ትንንሽ ልጆች ጥን ከት፣ ቅን ከክ፣ ጭን ከች ያቀላቅላሉ፣ አንዳንዱ በመስማት አንዳንዱ በመናገር። እነዚህ ድምፆች ሲወጡ ጉሮሮ ውስጥ አየሩ ይዘጋና ማንቁርት ወደ ላይ ብድግ ይላል። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ክ ክ ክ፣ ከዛ ቅ ቅ ቅ በሉ፣ ቅ ላይ ስትዘል ይታወቃችኋል። ለልጆች «ምትዘለዋ ድምፅ» ብላችሁ ስም ስጧት፣ ይወዱታል። ለመለማመጃ ደሞ በአንድ ድምፅ ብቻ ሚለያዩ ቃላትን ተጠቀሙ፣ ኮዳ እና ቆዳ፣ ከበረ እና ቀበረ። ኮዳና ቆዳ ስዕልም አላቸው። አንቺ ትያለሽ እነሱ ይጠቁማሉ፣ ሲለምዱት እነሱ ይላሉ አንቺ ትጠቁሚያለሽ። ሁለተኛው ይበልጣል ምክንያቱም ልጁ ቆዳ ማለት ፈልጎ ኮዳ ካለ አንቺ ኮዳውን ታነሺለታለሽ፣ ሳይቆጡት ሳያርሙት ራሱ ያስተካክላል።

ከዚህ ሌላ፣ ት እና ጥን ወይም ክ እና ቅን በአንድ ሳምንት አብራችሁ አዲስ አታስተምሩ። አንዱ በደንብ ይረጋ፣ መሀል ላይ ፈፅሞ ማይመሳሰል ድምፅ አስገቡ፣ ከዛ ሁለተኛው ይምጣ፣ ማወዳደር ሁለቱም ከታወቁ በኋላ ነው።

የመንቶች_እናት
አንደበት በጣም አመሰግናለሁ! እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፣ አንደኛው ልጄ ር አይወጣለትም፣ ራዲዮን «ላዲዮ» ነው ሚለው። ወንድሙ ግን ጥርት አድርጎ ነው ሚለው። «ራዲዮ በምን ይጀምራል» ስለው «በል» ይለኛል። ይሄ መነሻ ድምፁ አልገባውም ማለት ነው ወይስ አንደበቱ ነው?

አንደበት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ር ዘግይተው ከሚመጡ ድምፆች አንዱ ስለሆነ በዚህ ዕድሜ ል ወይም ይ ማለት የተለመደ ነው፣ መንታ መሆናቸውም በአንድ ቀን ይናገራሉ ማለት አይደለም። ሚለየው እንዲህ ነው፣ አንቺ ራስሽ «ይሄ ላዲዮ ነው» በይው። ከሳቀብሽ ወይም «አይደለም! ላዲዮ ነው!» ብሎ ካረመሽ ጆሮው ልዩነቱን ይሰማል፣ ምላሱ ነው ገና ያልደረሰው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ር በል፣ ር በል» እያሉ ማስጨነቅ አያስፈልግም፣ «አዎ፣ ራዲዮ» ብለሽ ትክክለኛውን ደግመሽለት ማለፍ ነው። ስዕል እንዲያነሳ አድርጊው እንጂ እንዲጠራ አታስገድጂው፣ ራስ፣ ራዲዮ፣ ሩጫ በአንድ ወገን ላም፣ ልብስ፣ ሎሚ በሌላ ወገን መለየት ከቻለ መነሻ ድምፁ ገብቶታል።

ልዩነቱን ጨርሶ ካልሰማው፣ ወይም ብዙ ድምፆች አንድ ላይ ሚጠፉበት ከሆነ፣ ወይም ከጀርባው ስትጠሪው ማይዞር ከሆነ ግን መስሚያው ይታይ። ጉንፋን ተደጋግሞበት ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ስ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉ ቀጫጭን ድምፆች ያመልጡታል፣ ክፍል ውስጥ «አይከታተልም» ተብሎ ይቀራል። መምህራን እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ።

ዘብዕር
ክሩ ደስ ሲል። እኔ እንግሊዝኛ ነው ለኬጂ ማስተምረው፣ ጎን ለጎን ነው ሚሰጠው ሁለቱም። አባወራው እንዳለው የእንግሊዝኛው ሌላ ጣጣ አለው፣ የፊደሉ ስም። ቢ፣ ዲ፣ ፒ፣ ቲ ስማቸው ውስጥ ድምፃቸው ፊት ላይ ስላለ አይከብዱም። ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኤስ ግን ስማቸው በአናባቢ ነው ሚጀምረው፣ ልጁ ለ«ሰን» የመጀመሪያ ድምፅ «ኤ» ቢልሽ ከስሙ ወስዶ ነው። ደብሊው ጭራሽ ድምፁ ስሙ መጀመሪያ ላይ የለም፣ ዋይ ደሞ ስሙ በው ስለሚጀምር ልጆች «ወተር» በዋይ ነው ሚጀምረው ይላሉ። ኤች ደሞ መጨረሻው ች ስለሆነ «ቼር»ን በኤች ሚጀምሩ አሉ። ሁሉም ምክንያት ያለው ስህተት ነው። ስለዚህ እኔ ድምፁን አስቀድማለሁ፣ ስሙ በኋላ ይመጣል።

ሌላው ስዕል መምረጥ ላይ ነው። ለኤስ «ሺፕ»፣ ለጂ «ጂራፍ»፣ ለኬ «ናይፍ» የተደረገባቸው ፖስተሮች አያለሁ፣ ልጁ ሚሰማው ሽ፣ ጅ እና ን ነው እኮ! «ትሪ»ንም ለቲ አታድርጉት፣ ቲና አር አንድ ላይ ሲሆኑ ለልጅ ጆሮ ወደ ች ነው ሚጠጉት። ለጀማሪ ልክ ልኩን ሚሰማበትን ምረጡ፣ ሰን፣ ማት፣ ኔት፣ ቤድ። የኛ ልጆች ፕን ብ፣ ቭን ብ ሲያደርጉ ደሞ ቀጭን ወረቀት አፋቸው ፊት እንዲይዙ አደርጋለሁ፣ የእንግሊዝኛው ፕ ወረቀቱን ያርገበግበዋል፣ ብ ላይ ዝም ይላል። ለቭ ደሞ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይንካ ነው።

ጥያቄ አለኝ ለሁላችሁ፣ ልጆቹ በአማርኛው «ም»ን ከያዙ በእንግሊዝኛው ኤም ላይ እንደገና ከዜሮ ልጀምር?

ፊደል_ገበታ
አይጀምሩ ወንድሜ። ም ም ነው። ጆሮ አንዴ በአንድ ቋንቋ ነጥሎ መስማት ከለመደ ለሌላውም ያገለግላል። መኪናና ማት በአንድ ከንፈር ነው ሚጀምሩት ብለው አብረው ያሳዩዋቸው፣ አዲሱ ነገር የፊደሉ ቅርፅ ብቻ ይሆናል። የአማርኛዋ መምህርትና እርስዎ ተነጋግራችሁ በአንድ ሳምንት አንድ ድምፅ ብትይዙ ለልጆቹ እጅግ ይቀልላቸዋል። ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ተለያይተው አንዱ ም ላይ አንዱ ግ ላይ ሲሆኑ ነው ልጁ ሚባክነው።

አባወራው
ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፣ ፊደል_ገበታ ስለ 231ዱ ያሉት አሳመነኝ። አሁንም ግን ገበታው ከግድግዳ ይውረድ ካላላችሁ ነው :) ልጄ ዜማውን ትወደዋለች፣ እሱን ትታ ድምፅ ብቻ እንድትል አልፈልግም። ከመስታወቷ ጨዋታ በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ገበታው ላይ ሰ እና ሸን እያየች «አባ ሸ ማለት ሰ ኮፍያ አድርጎ ነው» አለችኝ። ከዛ ራሷ ነ እና ኘን አገኘች፣ ደ እና ጀን አገኘች። ድምፃቸውስ ይቀራረባል ወይስ ቅርፃቸው ብቻ ነው?

ቀለም_ቀንድ
ማንም ገበታውን ይውረድ አላለም፣ ዜማውም ይቀጥል! ዜማው ላይ ብቻ አንቁም ነው። ልጅህ ያገኘችው ደሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ድምፃቸውም ይቀራረባል። ሰ-ሸ፣ ተ-ቸ፣ ነ-ኘ፣ ዘ-ዠ፣ ደ-ጀ፣ ጠ-ጨ፣ ሁሉም ላይ ምላሷን ትንሽ ወደ ኋላ ወደ ላንቃዋ ስታስጠጋ ነው ሁለተኛው ሚመጣው። ስስስስ እያለች ምላሷን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ታንሸራት፣ ሽ ይሆንላታል። እሷ ዝግጁ ናት፣ ቀጥሉ። ገና ሰን ላላወቀ ልጅ ግን ሰ እና ሸን አንድ ላይ እንዳታመጡ፣ ቅርፁም ድምፁም ስለሚመሳሰል ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ሚስ_ኬጂ
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ፣ እየፃፍኩ ነው ምይዘው። «ም»ን ጀምሬያለሁ፣ አፍንጫ መያዟን ክፍሉ ሙሉ ነው የወደዳት። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ልጆቼ ብዙ ናቸው፣ ጮክ ብለው ሲመልሱ ማን እንዳወቀ ማን ጓደኛውን እንደተከተለ አልለይም። ደሞ ለስንት ደቂቃ ልስራበት?

ቀለም_ቀንድ
ለደቂቃው አጭር ይሁን ግን ቶሎ ቶሎ ይምጣ፣ አስር ደቂቃ ካለፈ ጆሯቸው ይደክማል። ጠዋት ትንሽ፣ ሲሰለፉ ትንሽ፣ ወደ ቤት ሲሄዱ «ስሙ በ ም ሚጀምር ቦርሳውን ያንሳ» ብለሽ ትንሽ። ይሄ ክፍለ ጊዜ አይወስድብሽም።

ለመለየት ደሞ በአፍ አትጠይቂያቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣት ይመልሱ። «ምንጣፍ፣ ማንኪያ... አንድ ናቸው?» ወደ ላይ። «ምንጣፍ፣ ሳጥን?» ወደ ታች። ዓይን ስለተጨፈነ ማንም ማንንም አያይም፣ አንቺ ግን ሁሉንም ታያለሽ። ሌላው ዋናው ነገር፣ ስትፈትኚ የተለማመዱበትን ቃል አትጠይቂ። መኪና በም እንደሚጀምር መቶ ጊዜ የሰማ ልጅ በቃሉ ነው ሚመልስልሽ። ሰምቶት ማያውቀውን ስጪው፣ ማበጠሪያ፣ መሰላል፣ ሙቀት። እሱን ከመለሰ ይዞታል፣ ወደ ሚቀጥለው ድምፅ እለፉ።

አንደበት
አውራ ጣቱ ላይ ሁሌ ወደ ላይ ሚያደርጉ ልጆች ይኖራሉ፣ «አንድ አይደሉም» ሚሆነውን ቶሎ ቶሎ አስገቢ፣ ቅደም ተከተሉንም አትጠብቂ። ለማይመልሱት ደሞ ለብቻቸው ጥግ ላይ ተቀምጠሽ አፍሽን እያዩ ድገሚላቸው፣ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ አንቺ ፊት ላይ እንዲያርፍ ሆነሽ። ጀርባሽን ለመስኮት ሰጥተሽ ከተቀመጥሽ አፍሽ ይጨልምባቸዋል።

ሚስ_ኬጂ
መስኮቱን ልብ ብዬው አላውቅም፣ ነገ ወንበሬን አዞራለሁ። ቀጣዩ ስ ነው፣ የሰባቱን ስዕል ዛሬ ማታ እሰራለሁ። የ ፍ እና የ ል ስዕል ያላችሁ ቃላቱን እዚሁ ፃፉልኝ፣ «ለ» ላይ ልጅ ሚያውቀው ቃል አጣሁ።

ዘብዕር
ለ ፍ፣ ፈረስ፣ ፊኛ፣ ፋኖስ፣ ፍየል፣ ፎጣ። ፉጨትን በስዕል ከምታሳዪ ራስሽ አፏጪላቸው። ለ ል፣ ሉል፣ ላም፣ ሌሊት፣ ልብስ፣ ሎሚ። በግዕዙ «ለ» እኔም አላገኘሁም፣ ዝለይው።